ፓተንት ሀብት ነውን? ስለ ጤፍ ዱቄት የባለመብትነት ጉዳይ የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ብዙ ሰው የሰማውን፣ ነገር ግን ጥቂት ሰው ብቻ መርምሮ ያነበበውን አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣው ፓተንትና ከዚሁ ጋር ተያይዞ ኢትዮጵያ ከኩባንያው ጋር የተፈራረመችው ስምምነት ነው። ስለዚህ ነገር በአገራችን የሚሰማው ፍርድ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ «ጤፋችንን ሰረቁን» ይባላል። እኛም ጥናቱን ከመጀመራችን በፊት ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ነገሩን በዝርዝር ከተከታተልን በኋላ ግን ይህ ፍርድ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ደግሞ ከዋናው ጥያቄ የሚያዘናጋ ሆኖ አገኘነው።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። ፓተንት ብቻውን ሀብት አይደለም። ሀብት የሚሆነው ግኝቱን እስከ ገበያ የሚያደርስ፣ መብቱንም እስከ ፍርድ ቤት የሚከታተል ሰውና ገንዘብ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ኢትዮጵያ በጤፍ ጉዳይ የተጎዳችው ሌላው ወገን ወረቀቱን ስለ ያዘ ብቻ አይደለም፤ ፓተንቱንም ሆነ የገዛ ስምምነቷን የሚከታተልላት ስላልነበረ ጭምር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ሀ. ፓተንቱ ምን ይላል?

ፓተንት ማለት መንግሥት ለፈልሳፊ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው የብቻ መብት ነው። ፈልሳፊው የሥራውን ምሥጢር ለሕዝብ ይገልጻል፤ ሕዝቡም በፋንታው፣ ዘመኑ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ሰው እንዳይሠራበት ይከለክልለታል። እንግዲህ ነገሩ ውል ነው። ውልም ከሆነ፣ ሕዝቡ በዋጋ የሚገዛው ነገር አስቀድሞ በእጁ ያልነበረ ሊሆን ይገባል፤ የገዛ ላሙን ወተት ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው የለምና።

በዚህ ሚዛን የጤፉን ፓተንት እንመልከተው። ማመልከቻው በመጀመሪያ በ2003 በሆላንድ ቀረበ፤ በ2004 ወደ አውሮጳ የፓተንት ቢሮ አለፈ፤ ቢሮውም በጥር ወር 2007 መብቱን ሰጠ። ብዙ ሰው እንደሚያስበው መብቱ የተጠየቀው በጤፍ ተክል ወይም በእንጀራ ላይ አይደለም፤ በዱቄቱ፣ ከዱቄቱም በሚሠራው ሊጥና ምግብ ላይ ነው። ደግሞም ፓተንት ከተሰጠበት አገር ወሰን ስለማያልፍ፣ በደብረ ዘይት ወይም በደብረ ማርቆስ የሚፈጨውን ጤፍ ማንም ሊከለክል አይችልም ነበር። ጉዳቱ ያለው በሌላ በኩል ነው። ኢትዮጵያዊ ነጋዴ መብቱ በጸናበት አገር የጤፍ ዱቄት ሊሸጥ ቢነሣ፣ ዱቄቱም በፓተንቱ ከተጻፈው ልክ ጋር የገጠመ እንደ ሆነ፣ በገዛ አገሩ እህል ሊከሰስ ይችል ነበር።

ይህ ልክ ምንድን ነው? የአውሮጳ ወፍጮ ቤቶች የስንዴንና የአጃን ዱቄት የሚመዝኑበት «የመውደቂያ ቁጥር» የሚባል መለኪያ አላቸው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በቱቦ ውስጥ ይሞቃል፤ ከላይ የተለቀቀ መማሰያ እስከ ታች ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። እህሉ እርጥበት አግኝቶ ማቆጥቆጥ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ስለሚሰባብረው ሙቁ ይቀጥናል፤ መማሰያውም ፈጥኖ ይወርዳል፤ ቁጥሩም ያንሳል። ፓተንቱ የሚለው እንግዲህ፣ ጤፉ በሚፈጭበት ሰዓት ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሆነ እንደ ሆነ ዱቄቱ ለዳቦና ለመሳሰሉት ምግቦች መልካም ይሆናል፤ ለዚህም እህሉ ከታጨደ በኋላ ሳይፈጭ ሰንበት ብሎ እንዲበስል ማድረግ ያስፈልጋል ነው።

አሁን ይህን ከገበሬያችን ልማድ ጋር እናስተያየው። ጤፍ ይታጨዳል፤ ይከመራል፤ ክምሩም ሰንብቶ በአውድማ ይወቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጎተራ ይገባል። ለወፍጮ የሚወጣውም በአንድ ቀን ተጠቅልሎ ሳይሆን ቤተ ሰቡ እንደሚያስፈልገው ጥቂት በጥቂት ነው። ዝናብ ያገኘው ክምር እንደሚበላሽ፣ ደርቆ የከረመው እህል እንደሚሻል የማያውቅ ባላገር የለም። ፓተንቱ ለዚህ አሠራር ቁጥር ሰጠው። ቁጥር መስጠት ዕውቀትን እንደሚያጠራ አንክድም። ነገር ግን የነበረውን መለካት አንድ ነገር ነው፤ ያልነበረውን መፍጠር ሌላ ነገር ነው። በእኛ አስተያየት ፓተንቱ የቆመው በመጀመሪያው ላይ ሆኖ ሳለ ዋጋ የጠየቀው ለሁለተኛው ነው።

ለ. ስምምነቱስ ምን ይላል?

ማመልከቻው ገና በቢሮው እጅ ሳለ፣ በ2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ በኢትዮጵያ በኩል፣ ሔልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለው ኩባንያ በሆላንድ በኩል ሆነው ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው በ12 የጤፍ ዝርያዎች ለ10 ዓመት እንዲጠቀም ተፈቀደለት። በፋንታውም ከዘር ሽያጭ ከሚያገኘው የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ፣ ጤፍ ለሚዘራበት ለእያንዳንዱ ሄክታር 10 ዩሮ፣ እንዲሁም ለጤፍ ገበሬዎች ጥቅም ለሚቋቋም ገንዘብ ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ ይህም በዓመት ከ20,000 ዩሮ የማያንስ፣ ሊከፍል ግዴታ ገባ።

ሰነዱ ሲፈረም እንደ አርአያ የታየ ነበር። የ1992ቱ የብዝሀ ሕይወት ኮንቬንሽን፣ አገሮች በዕፀዋታቸው ላይ ሥልጣን እንዳላቸውና ከጥቅሙም ድርሻ ሊያገኙ እንደሚገባ የተናገረውን ቃል በተግባር ለማዋል ከተሞከሩት ቀደምት ውሎች አንዱ ነውና። ስለዚህ የፈረሙትን ሰዎች ለመውቀስ አንቸኩልም፤ የሚመሩበት አዋጅ ቁጥር 482 እንኳ የወጣው ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ በ2006 ነው።

ፍጻሜው ግን መራራ ነው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮና ሳይደርስ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ነው። ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ብቻ እንኳ ለ10 ዓመት ተከፍሎ ቢሆን 200,000 ዩሮ ይሆን ነበር፤ የደረሰን ገንዘብ እንግዲህ የዚህ 2 በመቶ ነው።

ይህ ስለምን ሆነ? በእኛ አስተያየት ስሕተቱ የኩባንያው መክሰር ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ መክሰሩ የተለመደ ነው። ስሕተቱ በውሉ አሠራር ውስጥ ነው። አንደኛ፣ ድርሻችን ከሞላ ጎደል የተመሠረተው በተጣራ ትርፍ ላይ ነው። አዲስ የተቋቋመ ድርጅት ለእርሻ፣ ለወፍጮ፣ ለማስታወቂያ ብዙ ስለሚያወጣ ለብዙ ዓመት ትርፍ ላያሳይ ይችላል፤ ወጪውንም የሚጽፈው ራሱ ነው። ከጠቅላላው ሽያጭ ጥቂት በመቶ መጠየቅ ከተጣራ ትርፍ ብዙ በመቶ ከመጠየቅ ይሻል ነበር፤ ሽያጭ ከትርፍ ይልቅ ለመቁጠር የሚቀል፣ ለመደበቅ የሚከብድ ነውና።

ሁለተኛ፣ ዝቅተኛው ክፍያ መያዣ አልነበረውም። ባላገሩ አንድ ቁና እህል እንኳ ሲያበድር «ዋስ ጥራ» ይላል። እዚህ ግን የአንድ ሕዝብ ዝርያ ለ10 ዓመት ሲሰጥ የባንክ ዋስትና አልተጠራም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት የተነገረው ደቃቁን እህል ሰፍሮ መመለስ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው፤ ዋስ ሳይዙ ማበደር ግን ከዚህም የባሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሉ ያሰረው የፈረመውን ድርጅት ብቻ ነው። ኩባንያው ሲከስር ፓተንቱ አብሮት አልተቀበረም፤ በሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ ዘመኑን መቁጠር ቀጠለ። ለኢትዮጵያ የተገባው ግዴታ ግን ከፓተንቱ ጋር አልተሻገረም። መብቱ ተሻጋሪ፣ ዕዳው ግን በከሰረው ድርጅት ላይ የሚቀር ሆነ። በሬው ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የበሬው ዕዳ በሟች ስም እንደ መቅረቱ ያለ ነው።

ሐ. ፓተንቱን ማን አፈረሰው?

በአውሮጳ ሕግ አንድ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ ባሉት 9 ወራት ውስጥ ማንኛውም ሰው ለቢሮው ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ይህ በየአገሩ ፍርድ ቤት ከመከራከር ይልቅ ወጪው እጅግ ያነሰ መንገድ ነው። በጤፉ ጉዳይ 9ኙ ወራት በ2007 አለፉ፤ ፓተንቱም ጸና። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከባለ ፓተንቱ ጋር የውል ሸሪክ ስለ ነበረች፣ ሸሪኳን ለመክሰስ መነሣት ሳያስቸግራት አልቀረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፓተንቱን የያዘው ኤንሸንት ግሬን የተባለ ኩባንያ፣ ለዳቦ ቤቶች ዕቃ የሚያቀርበውን ቤክልስ የተባለ ድርጅት መብቴን ነካ ብሎ ከሰሰው። ተከሳሹም ፓተንቱ ራሱ ሊጸና አይገባውም ብሎ ተከራከረ። የሔግ ከተማ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 በሰጠው ፍርድ ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ ስለሚጎድለው በሆላንድ ዋጋ የለውም አለ። ዜናው በአገራችን በ2019 መጀመሪያ ሲሰማ ደስታው ታላቅ ነበር። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው ነገሩ የሚያስደስት ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍርም ነው። ጤፍን ነፃ ያወጣው ለራሱ ገበያ የተሟገተ የሆላንድ ነጋዴ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ሳይሆን የኤኮኖሚ ምክንያት አለው። መጥፎ ፓተንት ሲፈርስ ጥቅሙ የሁሉ ነው፤ ገበሬውም፣ ጋጋሪውም፣ ተፎካካሪውም ይገላገላሉ። ወጪው ግን የተሟጋቹ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው እንዲጀምር እየጠበቀ ይቀመጣል፤ የሚነሣውም እሳቱ ወደ ቤቱ የደረሰበት ብቻ ነው። መንደሩ ሁሉ የሚሻገርበትን ድልድይ አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ እንዲሠራ እንደ መጠበቅ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በባሕርዩ የግለሰብ ሳይሆን የመንግሥትና የማኅበር ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ በጤፉ ጉዳይ ግን ድሩ አላበረም። ፓተንቱ ምንም ባይፈርስ እንኳ የ20 ዓመት ዘመኑ በ2024 ያበቃ ነበር፤ ፍርዱም የተገኘው ከዘመኑ አብዛኛው ካለፈ በኋላ ነው።

መ. ፓተንት ያልነበረበት ፈጠራ

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። «ፓተንት ከሌለ ጤፍን ለአውሮጳ ገበያ ለማቅረብ ገንዘቡን የሚያፈስ ማን ይገኛል?» የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ኬኔት አሮው በ1962 እንዳመለከተው፣ ዕውቀት ለማግኘት ውድ፣ ለመቅዳት ግን ርካሽ ስለ ሆነ፣ ገበያ ብቻውን በቂ ምርምር ላያስገኝ ይችላል። ፍሪትዝ ማክሉፕም በ1958 ለአሜሪካ ሴኔት ባቀረበው ጥናት የፓተንትን ሥርዓት ለመትከልም ሆነ ለመንቀል የሚያበቃ ማስረጃ አለማግኘቱን ገልጾአል። እኛም ፓተንት ሁሉ ይጥፋ አንልም።

ነገር ግን የጤፍ ታሪክ ራሱ ምን ያሳየናል? በጤፍ ላይ የተደረገውን ታላቁን ፈጠራ የፈለግን እንደ ሆነ የምናገኘው በሆላንድ ሳይሆን በአገራችን ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል ለረጅም ዘመን አልተቻለም ነበር፤ የነበረው ዘዴ ከገበሬው ዘር መካከል የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደርሰውበት የማዳቀሉ መንገድ ተገኘ። በዚሁ መንገድ የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ምርቱ ብዙ የሆነውን ዱከምን፣ ዘሩ ነጭ ከሆነው ከማኛ ጋር አዳቅሎ በ2006 ቁንጮን ለገበሬ አቀረበ። ቁንጮም በብዙ አውራጃ ተዘራ። ይህ ከዱቄቱ ቁጥር ይልቅ በእውነት ፈጠራ የሚባል ሆኖ ሳለ፣ ወጪውን የሸፈነው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ገበሬውም ዘሩን ከጎረቤቱ በልዋጭ ከማግኘት የከለከለው የለም።

ገበያውስ? በአሜሪካ አገር፣ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራ አንድ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ በአይዳሆ ጤፍ ማብቀል ጀመረ። ዱቄቱን በቅድሚያ የገዙትም በዚያ የሚኖሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ናቸው፤ እንጀራ ናፍቆአቸው ነበርና። ይህ ንግድ የቆመው በደንበኛ እንጂ በዱቄት ፓተንት አይደለም። የሆላንዱ ኩባንያ ግን ፓተንቱ በእጁ እያለ ከሰረ። ይህን ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጠ ሰው ሀብቱ ከወዴት እንደሚመጣ ያያል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ያልተፈጨ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2006 ተከለከለ። የከተማውን ደሀ ከዋጋ መናር ለመጠበቅ የታሰበ ስለ ሆነ ምክንያቱን አንንቅም፤ ሆኖም የውጭው ገበያ በሚሰፋበት ሰዓት አቅራቢዎቹ ሌሎች መሆናቸው የፓተንቱ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ልንሰውር አይገባንም።

ሆላንድ ራሷም በዚህ ነገር አስተማሪ ናት። በ1869 የፓተንት ሕጓን ሽራ እስከ 1912 ድረስ ያለ ፓተንት ኖራለች። በፈረንሳይ የተፈለሰፈውን የማርጋሪን አሠራር የሆላንድ ነጋዴዎች ወስደው ትልቅ ኢንዱስትሪ ያደረጉት፣ ፊሊፕስም በ1891 ተቋቁሞ የኤሌክትሪክ አምፑል መሥራት የጀመረው በዚሁ ዘመን ነው። ኤዲት ፔንሮዝ በ1951 በጻፈችው መጽሐፍ፣ ገና በኢንዱስትሪ ያላደጉ አገሮች ለውጭ ፈልሳፊዎች ፓተንት በመስጠት የሚያገኙት ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ማለቷም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

ሠ. መደምደሚያ

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከፍ ብለን የዘረዘርናቸው ሦስት ጉድለቶች በሚቀጥለው ውል ሊታረሙ ይችላሉ፤ ይኸውም ድርሻው ከጠቅላላ ሽያጭ እንዲሆን፣ ዋስ እንዲጠራ፣ ግዴታውም ፓተንቱ በሄደበት ሁሉ እንዲከተል ነው። ተቃውሞ የሚቀርብበትን 9 ወር የሚጠብቅና ለዚሁ የተመደበ በጀት ያለው አንድ ክፍልም ያስፈልጋል። ነገር ግን ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ ሁሉ የሚቀርበን ሌላ ሥራ አለ፤ ጽሑፋችንን የምንጨርሰውም በእርሱ ነው።

በ1995 በአሜሪካ አገር እርድ ቁስልን ለማዳን እንዲውል ፓተንት ተሰጥቶ ነበር። የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ተቃውሞ አቀረበ፤ ፓተንቱም በ1997 ተሰረዘ። ያሸነፈው በምን ነበር? እርድ በቁስል ላይ መነስነሱን የሕንድ እናቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የቆረጠው የታተመ ጽሑፍ ነው። ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በ1953 በሕንድ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነበር። ያን ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ለአገሩ ጠበቃ እንደሚሆን ሊያስብ አይችልም ነበር።

የፓተንት መርማሪ ወደ አውድማችን አይመጣም፤ ጎተራችንንም አይከፍትም። የሚያየው የተጻፈውን፣ የተለካውን፣ ቀኑም የታወቀውን ነው። የጎጃም ገበሬ ጤፉን ስንት ሳምንት ከምሮ እንደሚያቆይ፣ የከረመው ጤፍ የመውደቂያ ቁጥር ከአዲሱ በስንት እንደሚበልጥ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ ከ2003 በፊት በአንድ መጽሔት ታትሞ ቢሆን ኖሮ፣ መርማሪው በገዛ ጠረጴዛው ላይ ባገኘው ነበር። የዚህ ገጽ ዋጋ ከጠበቃ የአንድ ቀን አበል ያነሰ ነው።

ስለ ጤፍ ያለው ነገር ስለ እንሰት፣ ስለ ኑግ፣ ስለ ጌሾ፣ ስለ ኮሶም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን የሚያውቁትን ለክቶና ቀን ጽፎ ማተም ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ዲግሪም አያሰጥ ይሆናል። ሆኖም «ተሰረቅን» ብሎ ከመጮህ ይልቅ ይህ እንደሚሻል እናምናለን፤ ለሚቀጥለውም ዓመት በዚህ መጽሔት ላይ ሥራ የምትሹ ጓደኞቻችን ከጎተራው እንድትጀምሩ እናሳስባለን። በአሳባችን ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።